ዓምድ ሀ፣ ዓምድ ለ

ሐይቁ ዳር፣ ጄኔቭ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሁለት ጠረጴዛ፣ ጀርባ ለጀርባ፤ አንዲት መስኮት፣ የጋራ ሰማይ።
ኡርሲና ንግድን ትቆጥራለች፤ እኔ መዋዕለ ንዋይ።
ፍርድ ስናነብ እንውላለን፣ መስመር በመስመር፣ ገጽ በገጽ፣
ከዓለም ጭቅጭቅ ክምር ውስጥ ልናወጣ አንዳች ቅርጽ።

በእሷ ዓምድ መንግሥት መንግሥትን ይከሳል፤
ሸንጎው ማን ምን እንዳለ አይገልጥም፤ ባንድ ጉሮሮ ይመልሳል።
ላለፈው ዓመት፣ ለተዘጋው ወደብ፣ ለበሰበሰው ሎሚ ካሳ የለም፤
«ሕግህን አቃና» ነው ፍርዱ፣ ከነገ ወዲያ ላለው ዓለም።

በእኔ ዓምድ ኩባንያ ቆሞ ሀገርን በስሟ ይጠራል፤
አምና ዳኛ የነበረው፣ ዘንድሮ ጠበቃ ሆኖ ይከራከራል።
እዚህ ያለፈ አያልፍም፤ ይሰፈራል፣ ይደመራል፤
ወለድ ይወልዳል፣ ወለዱም ወልዶ የልጅ ልጁ ደጅ ያድራል።

በልሃ ልበልሃ ነው ሁለቱም፣ ከረባት አስሮ ሲከራከር፤
ልዩነቱን የምንለቅም እኛ ነን፣ ከምስር መሐል እንደ ጠጠር።

ከመቶ አርባ መዝገቧ በዘጠኙ ብቻ አንድ ዳኛ «አልስማማም» ብሏል።
ከእኔ መቶ አርባ በሠላሳ ስድስቱ።
«ያንተዎቹ ይጣላሉ» ትለኛለች ኡርሲና ወንበሯን አዙራ።
«ያንቺዎቹ ይተፋፈራሉ» እላታለሁ።
እንዲህ ነው የኛ ሳቅ።

እናቷ ከኩር ደውላ፣ የድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር፣
«ሦስት ዓመት ቆጠራችሁ፤ ታዲያ የቱ ይሻላል?» አለች።
ኡርሲና እርሳሷን ነክሳ ቆየች።
«ለማን?» አለች።
መስመሩ ውስጥ ሳህን ሲታጠብ ይሰማ ነበር።

በየካቲት አንድ ጠብ በሁለታችንም ዓምድ ወጣ።
ሀገሪቱን በቁጥር ነው የምንጠራት፤ አርባ ሰባት።
የስኳር ፋብሪካ፣ አንድ ወንዝ፣ አንድ የፈቃድ ስረዛ።
በእሷ መዝገብ ይህ ስኳር ያንን ስኳር ይመስል እንደሁ አርባ ገጽ ተጽፏል፤
ጣዕሙ፣ ቀለሙ፣ የጉምሩክ ቁጥሩ።
በእኔ መዝገብ ስኳሩ ከመግቢያው በኋላ ሟሟ፤
የቀረው ተስፋ ነው፣ የኩባንያው ተስፋ፣ በዶላር የተመዘነ፣
ሃያ ዓመት ወደፊት፣ ወለዱ ወደኋላ።

ከዚያ የግርጌ ማስታወሻ ስድስት መቶ አሥራ አንድ፦
ቪርሂልዮ ቱዩክ፣ የፋብሪካው ማሞቂያ ሠራተኛ፣
ውኃው ስለ ቀላበት ወር የሰጠው ቃል
«ለውሳኔው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።»

«እስቲ አንቺ ጋ ፈልጊው» አልኳት።
ስሙን ፊደል በፊደል ነገርኳት። ጻፈች። ጠበቀች።
ዜሮ።
«‹ዩ› ላይ ተሳስቼ ይሆን?» ብላ ደገመች።
ዜሮ።

የምድብ ደብተራችን እንዲህ ይላል፦
አንድ፣ መንግሥት፤ ሁለት፣ ኩባንያ፤ ሦስት፣ ባለሙያ፤ ዘጠኝ፣ ሌላ።
ዘጠኝ አልኩት። ምን ልበለው?
ከአራት እስከ ስምንት ባዶ ነው፣ ምናልባት ለሚመጣ ሰው።

አባቴ ኮሺትሴ ውስጥ የብረት ፋብሪካ በር ጠባቂ ነበር።
ሰው ሲገባ ይቆጥራል፤ ሲወጣ ይቆጥራል።
አንድ ማታ አንድ ጎደለበት፤
ተረኛው መጥቶ «ሂድ» ቢለው እንቢ ብሎ፣ እስኪነጋ በሩ ላይ ቆመ።
ያ ሰው ማን እንደነበር አልነገረንም። ቁጥሩን ብቻ ነገረን።

ጽሑፋችን በመስከረም ታተመ። ከሠንጠረዥ ሦስት ሥር፣ በጭንቅ በሚነበብ ፊደል፣
«ሌላ የሚለው ምድብ ከማነሱ የተነሳ ተትቷል» ይላል።
ያን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ስሕተት የለበትም፤ ማንም ቢደግመው እዚያው ይደርሳል።

ምሳ ቤቱ ውስጥ ኡርሲና የስኳር ከረጢቷን ገልብጣ ጀርባውን ታነባለች።
ክብደቱ አለ፤ አራት ግራም።
ከየት እንደመጣ አልተጻፈም።
ሻይዋ ቀዝቅዟል፤ እሷ ግን ገና ታገላብጠዋለች።